73939133 የምን ቁጥር ነው?

ለምወድህ ወንድሜ ለደረሰ፣ ከእህትህ ከፅጌ፤

ሰላምታዬ ያን ሁሉ በረዶ አልፎ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ? የኪየቭ ምግብስ ተስማማህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይና በዳቦ ትውላለህ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነች።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠሁም። ለትምህርት ወደ እናንተ የሚመጣው አምሳሉ ሹራብ ያደርስልሃል፤ እሱንም ስላላመንኩት ወረቀቱን የሹራቡ እጅጌ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። አንብበህ አቃጥለው።

ያለፈው ደብዳቤህ ተከፍቶ እንደገና ታሽጎ ነው የደረሰኝ፤ ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ወንድሜ የላከልኝን ጉድ እዩ ብዬ መምህራን ክፍል ውስጥ አነበብኩት። በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በኃይሉ አስጠራኝና በደብዳቤህ የላክህልኝን ያን 73939133 በወረቀት ጽፎ፣ የምን ቁጥር ነው አለኝ። ቁጥር ብቻ ነው ብል ማን ይስማኝ። ሰው ቁጥር የሚጽፈው አንድ ነገር ቆጥሮ ነው፤ ምን ተቆጥሮ ነው ሰባ ሦስት ሚሊዮን የሞላው፣ የሀገሪቱ ሕዝብ እንኳ ያን ያህል አይደርስም አለ። የመሣሪያ ቁጥር ይሁን የሰው መለያ እንድናገር ሦስት ሳምንት ሰጠኝ፤ አለዚያ መልሱን ሌላ ቦታ ትሰጫለሽ አለኝ። የእትዬ ወርቅነሽ ልጅ ደምሴ እዚያ ሌላ ቦታ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ማን እንደነገረብኝ አላውቅም፤ አሁን መምህራኑ ደህና አደርሽ ሲሉኝም እጠረጥራለሁ።

ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም፤ ከኋላው አንድ አንድ አሃዝ እየቆረጥሽ ብትሄጂም የሚቀረው ሁሉ ብቸኛ ነው ብለኸኛል። በእረፍት ሰዓት ሐይቅ ዳር ሾላው ስር እየተቀመጥኩ ከትንሹ ጀመርኩ። 7፣ 73፣ 739 እያልኩ እስከ 7393913 ድረስ ልክ ነህ። ሙሉው ቁጥር ግን ሥራው ብዙ ነው፤ እስከ ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር አለበት፣ እነሱም ከሺህ ይበልጣሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ አንተንም ጠረጠርኩህ። ከመሄድህ በፊት ከእነማን ጋር ትውል እንደነበር አልረሳሁም። አንዱ ቁጥር ያለ ቀሪ ካካፈለው ዋሽተኸኛል፤ ከዋሸኸኝ ደግሞ ጓድ በኃይሉ ያለው ልክ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ገና ሁለት ሺህ ላይ ነበርኩ። ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ለጓድ በኃይሉ ስነግረው፣ ይህ ውሸት ሆኖ ቢገኝ በሕይወቴ ተጠያቂ ነኝ የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። ሁሉንም አካፍዬ አረጋግጫለሁ ብዬ ፈረምኩ።

አሁንም እያካፈልኩ ነው፤ አምስት ሺህን አልፌያለሁ፣ እስካሁን ሁሉም ቀሪ አለው። ስለዚህ ነገር መልስ አትጻፍልኝ። እኔው አካፍዬ እደርስበታለሁ።

ታናሻችን ታቢታ እጅግ ናፍቀሃታል፣ ፎቶግራፍ ላክልኝ ትላለች። እትዬ ወርቅነሽ በጸሎት ታስብሃለች፤ ባለ ሱቋ ፈትያም ሰላም በይልኝ ብላለች። እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ነገሩን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ ልጄ ብቸኛ ነው ካለ ብቸኛ ነው ትላለች፣ አንድም ሳታካፍል። እኔም የፈረምኩት እንደ እሷ ነው።

እህትህ ፅጌ
አዋሳ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.