ከተማ ያሳቀው ማርሽ

እሁድ
ሳቁ። ስታዲየም ሙሉ ሰው ሳቀ። ትራምፔቶቹ የአዲሱን ማርሼን ዋና ዜማ እንደጀመሩ አንዱ «ጀላቲ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው፦ «ጀላቲ! ጀላቲ!» ያኔ ገባኝ። ከሰዓት ከሰዓት በሰፈራችን የሚያልፈው የጀላቲ ጋሪ በድምፅ ማጉያው የሚለቃት ዜማ ናት! ስንት ወር የለፋሁባት፣ የራሴ ፈጠራ የመሰለችኝ። ወላሂ አልሰረቅኩም። ግን ማን ያምነኛል? የምመራው የማርሽ ባንድ ሰልፉን ሳያፈርስ እስከ መጨረሻው ነፋ። ልጄ ፈትያ ክላርኔቷን እየነፋች እንባዋ ይወርድ ነበር።

ሰኞ
ከቤት አልወጣሁም። ራሴን አሞኛል አልኩ። «ያመመህስ ራስህ አይደለም» አለችኝ ባለቤቴ ዘይነባ።
ከሳቁ በላይ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። በልምምድ ላይ ፈትያ «አባ፣ ይሄን ዜማ የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ» ብላኝ ነበር። «አንቺ ደሞ ምን ጆሮ አለሽና! ዝም ብለሽ ንፊ!» አልኳት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት። ዝም ብላ ነፋች።

ማክሰኞ
ፈትያ አታናግረኝም። ምሳ ላይ ውሃ አቀብዪኝ ስላት ለእናቷ ሰጠቻት፣ እናቷ ለእኔ። ትምህርት ቤት «ጀላቲ» እያሉ ይጠሯታል አሉ።
ከሰዓት ጋሪው መጣ። በዚህ ሙቀት መስኮት ዘጋሁ። ዜማው በበሩ ሥር ገባ። የሚያናድደው፣ ጥሩ ዜማ ነው።

ረቡዕ
ትሮምቦን የሚነፋው አብዲ መጣ። «ጋሼ፣ ልጆቹ ተሰብስበው ይጠብቁሃል።» አሁንም ይመጣሉ እንዴ? አልኩት። «አቦ፣ ታዲያ የት ይሂዱ?» ነገ እመጣለሁ አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ
የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ልምምድ ሄድኩ። ፈትያ ቀድማኝ ደርሳ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች። «ፈትያ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እሷ ክላርኔቷን ትወለውላለች፣ ቀና አላለችም። የድሮ ማርሽ ተለማምደን ተበተንን።
ስንመለስ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ድልድዩን እንዳለፍን ቆመች። ሳትዞር «አባ፣ ሳምቡሳ ግዛልኝ» አለች።
ገዛሁላት። ቀሪውን መንገድ እየበላች ከጎኔ ሄደች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የሳምቡሳው ቃሪያ ይሁን እኔ፣ እንጃ።