አምስተኛ ፎቅ፣ ሙሉ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሊፍቱ ዛሬም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተንገራገጨ። ለምጄዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የካሳ ፋይሎች ስሰድር ዋልኩ።

ከሰዓት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሐሙስ የእሳት አደጋ ልምምድ አለ። በሚቀጥለው ወር ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ ወረቀታችን መሟላት አለበት። የፎቃችን አስተባባሪ ችኩሏ ናት። አጠገቤ የምትቀመጠው… ስትራመድ ወለሉ እግሯን የሚያቃጥላት ስለሚመስል ያወጣሁላት ስም ነው። ቢጫ ሰደርያ ሰጧት።

"አማረብኝ?"

"መንገድ ጠራጊ መሰልሽ።"

ሳቅን። እኔስ በየት ነው የምወርደው? ሊፍቱ ይቆማል ተብሏል፣ ዊልቸር ደግሞ በደረጃ አይወርድ። ልጠይቃት ብዬ ረሳሁት። ወይስ ፈራሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ችኩሏ እየገፋች ደረጃው አፋፍ አደረሰችኝ። "እዚህ ጠብቂኝ፣ መጣሁ።" ሰው ሁሉ በጎኔ አለፈ። አንዱ እንደ ሕፃን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ኮቴው ራቀ… ራቀ… ጸጥ።

በመስኮቱ የግቢው ድምፅ ይሰማኛል። የደህንነት ኃላፊው በየተራ ይጠራል።

"አራተኛ ፎቅ?"

"ሙሉ።"

"አምስተኛ ፎቅ?"

"ሙሉ።" የችኩሏ ድምፅ ነው።

ሙሉ? እኔስ?

ተጨበጨበ። በሰባት ደቂቃ ወጣን ተባለ። ሊፍቱ ሲነሳ እየተሳሳቁ ተመለሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ምንም አላልኳት። እሷም ምንም አላለችኝ። ያወቀችው አይመስለኝም… ይሄ ደግሞ ይብሳል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ላንብበው ብዬ የደህንነት ኃላፊውን ጠየቅኩት። "ምን ይሠራልሻል?" አለ፣ ግን ሰጠኝ። ሠላሳ ሁለት ገጽ። አምስተኛ ፎቅ፣ አሥራ ስምንት ሰው። እኛ አሥራ ዘጠኝ ነን። ሁለቴ ቆጠርኩ። ስሜ የለም። "እርዳታ የሚያስፈልጋቸው" ከሚለው ፊት ለፊት "የሉም" ይላል።

"አንቺ ከመቀጠርሽ በፊት የተሠራ ይሆናላ።"

"ስድስት ዓመቴ ነው። ዕቅዱ የአምና ነው።"

ጆሮውን አከከ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከሌላ መሥሪያ ቤት የገለበጥኩት ነው እቱ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሰጡኝ። ስሞቹን ከስብሰባ መፈረሚያ ላይ ለቀምኩ።"

አዳራሹ ደረጃ አለው። ስብሰባ ገብቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። "ቁጭ በይ" አለኝ፣ ወዲያው ራሱ ደነገጠ።

መፍትሔ አግኝተናል አለ። ምድር ቤት ወርጄ ስልክ አነሳለሁ።

"ፋይሎቹስ?"

"ሌላ ሰው ይይዛቸዋል። ለአንቺው ብለን ነው።"

ካልሆነ ሌላ ወረቀት አለ። አምስተኛ ፎቅ የምቀመጠው በራሴ ፈቃድ ነው፣ ለሚደርስብኝ ነገር ድርጅቱ አይጠየቅም ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ አንዱን መምረጥ አለብኝ። ለሚደርስብኝ ነገር…

ለእማዬ ነገርኳት። "ውረጂ ልጄ። ሥራ ከነፍስ አይበልጥም።" እውነቷን ነው። ግን ሁለቱንም የፈለግኩ እንደሆነስ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ችኩሏ ቤት ድረስ መጣች። "ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍሽኝ፣ ምን በደልኩሽ?"

ነገርኳት። እኔ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ አንቺ ታች "ሙሉ" አልሽ አልኳት።

"ዝርዝሩ ላይ አሥራ ስምንት ነበር፣ አሥራ ስምንት ቆጠርኩ…"

"ደረጃው ጋ ያስቀመጥሽኝ እኮ ራስሽ ነሽ።"

"ልዋሽሽ? ረሳሁሽ። ደረጃውን ስጨርስ ከሐሳቤ ወጥተሻል።"

አለቀሰች። አላባበልኳትም። ግን ሰበብ ደርድራ ብትሄድ ኖሮ ይበልጥ ይከፋኝ ነበር። ስትወጣ በሩን ይዛ፣ "ሰኞ በምሳ ሰዓት የትም እንዳትሄጂ" አለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጥበቃውን ጋሼን ይዛ መጣች። ጋሼ ምድር ቤት ካለው ዕቃ ክፍል ደረጃ ላይ ሰው የሚያወርድ ወንበር አወጡ። ከሥሩ እንደ ታንክ ሰንሰለት አለው። "ለቁጥጥር ተብሎ የተገዛ ነው። ሁለት ዓመቱ፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም" አሉ።

መጀመሪያ አሮጌ ፋይል ጭነው ሞከሩት። መታጠፊያው ላይ ተገለበጠ። ወረቀቱ እስከ አራተኛ ፎቅ ተበተነ።

"እሷ ብትሆን ኖሮ ስድቧን አንችለውም ነበር" አሉ ጋሼ ወደ እኔ እያዩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። ወንበሩ ወደ ፊት ሲያዘነብል ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሻርፔን ልቀቂ፣ አነቅሽኝ እኮ" አለች ችኩሏ።

ሁለት ፎቅ ወረድን።

ወንበሩን ግን የደህንነት ኃላፊው መልሶ ዕቃ ክፍል ቆለፈበት። ተቆጣጣሪዎቹ ሳያዩት ይቆሽሻል ብሎ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሳልረሳው ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ደወል የለም። መብራት ጠፋ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው የተያያዘው፣ ይሄን በኋላ ነው የሰማነው። ያኔ ያየነው በፊተኛው ደረጃ ሽቅብ የሚመጣውን ጭስ ብቻ ነው። ሰው ሮጠ። የማን እግር እንደሆነ እንጃ፣ ጎማዬን መትቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ።

ችኩሏ ሁሉንም በኋለኛው ደረጃ አስወጣች። ከዚያ ተመልሳ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ሂጂ።"

"ዝም በይ።"

"ጭሱ እየመጣ ነው።"

"ዝም በይ አልኩሽ።" ሻርፗን አርጥባ አፌ ላይ አደረገች። እጇ በረዶ ሆኗል። ስንት ደቂቃ ቆየን? ከዚህ በፊት ያን ያህል ዝም ብላ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም…

ከኋለኛው ደረጃ ሳል ተሰማ። ጋሼ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ወንበሩን ተሸክመው ይወጣሉ። ቁልፉን ፍለጋ ጊዜ አላጠፉም፣ በሩን ሰብረውታል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰንሰለቱ ተያዘ። ጋሼ ተንበርክከው በጣታቸው አላቀቁት። ጣታቸው ደማ። ወረድን። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

ኃላፊው ግቢ ውስጥ ይጠራል። "አምስተኛ ፎቅ?" ችኩሏ አልመለሰችም። ዞራ አየችኝ፣ ጉንጬን በእጇ ነካች። ከዚያ ነው "ሙሉ" ያለችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ከጋሼ ጣት በቀር ማንም አልተጎዳም። ያን "በራሴ ፈቃድ" የሚለውን ወረቀት ሳልፈርም ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ መለስኩት። አየው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ምድር ቤት ውረጂ የሚለውም ቀረ። ዕቅዱ እንደ አዲስ ይጻፍ፣ አንቺም ከኃላፊው ጋር ሥሪ አለኝ። እሺ አልኩ። ግን ሰዉን የምጠይቀው እኔ ራሴ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ፎቅ በፎቅ እየዞርኩ ነው። "አደጋ ቢመጣ እንዴት ነው የምትወርደው?" መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል፣ ቀጥሎ በሩን ዘግቶ ይነግረኛል። አንዷ ፀሐፊ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ገና ለማንም አልተናገረችም። ሾፌሩ ደወል አይሰማም፣ ስንናገር ከንፈር ነው የሚያየው። ከእኔ ጋር እርዳታ የሚያስፈልገን አሥራ አንድ ሰው ደረስን።

ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እለፊኝ" አለ፣ ቀና ሳይል። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

"ልቤን ቀዶ ሕክምና ተደርጌአለሁ። ደረጃ… ያን ቀን ታች ስደርስ ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ማንም አላየኝም።" እስክሪብቶዬን እያየ፣ "ለሰው እንዳትነግሪ።"

"ችኩሏና ጋሼ ማወቅ አለባቸው።"

መስኮቱን አየ። ደረጃ ላይ ብቻውን… እሱም?

"እሺ" አለ።

ስሙን ከስሜ ሥር ጻፍኩት።