የድንጋይ ካባውን ወደ ማሳ የመለሱት የአቶ ገብረሚካኤል ውባለም የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረሚካኤል ውባለም ከአባታቸው ከአቶ ውባለም ደስታው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩአየሁ በላቸው፣ ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብላ በምትገኝ የቀወት መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በቤተ ክርስቲያን ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል በሸዋ ሮቢት ተማሩ። በ1967 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ተቀጥረው ድንጋይ በድማሚት የማፍረስ ሙያ ለመዱ። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ ወርቅነሽን አግብተው ሜሮንንና ናትናኤልን ወልደዋል።

በ1996 ዓ.ም. ለመንገዱ ጠጠር የሚወጣበት የድንጋይ ካባ በመንደራቸው ሊከፈት ሲል ገበሬው አመነታ። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ተደፍኖ መሬቱ እንደሚመለስ ቃል የሰጡት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው አለቆቻቸውን አመኑ፤ መንደሩም እሳቸውን አመነ። መንገዱ አለቀ፣ ማሽኑ ተጭኖ ሄደ፣ ጉድጓዱ ግን እንዳፈጠጠ ቀረ። በ2001 ዓ.ም. ክረምት ውኃ ሞልቶበት የጎረቤታቸውን የአቶ ሐሚድን ልጅ ጁነይድን ወሰደው። አቶ ሐሚድ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷቸውም። ጋሼ ገብረሚካኤል ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም፤ ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ጡረታ እንደወጡ የሄዱት እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ወደሚቀባበርበት ቅሬ ነው። ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣቱን በገንዘብ ሳይሆን በአፈር ይክፈል፤ የሮቢ ወንዝ ጎርፍ ከሚተወው ደለል አንድ የአህያ ጭነት ካባው ውስጥ ይድፋ አሉ። ተሳቀባቸው፤ ሰው ከቀብር ሲቀር ደስ የሚላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው ተባለ። ቅሬው ግን ሐሳቡን ተቀበለ፤ እሳቸውም ከአንድም ቀብር ሳይቀሩ ከተቀጪዎቹ ሁሉ የበለጠ አፈር አጋዙ።

አጣዬ በተቃጠለችበት በ2013 ዓ.ም. ሁሉም ጎረቤቱን እየተጠራጠረ በየቤቱ ሲቀመጥ፣ አቶ ሐሚድ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ወዳልረገጡት ካባ አህያቸውን ነድተው መጡ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለቱ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በተደፈነው በኩል ማሾ ተዘራ፤ አምሮም ተሰበሰበ።

አቶ ገብረሚካኤል በኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲውሉ ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን ገና ያልተደፈነው ጥግ ነበር። አቶ ሐሚድ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ቃሉን ከእንግዲህ እኔ ይዤዋለሁ፣ አንቱ ይረፉ አሏቸው። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው አቶ ሐሚድ በሐዘን ቀርተዋል። ብዙ አፈር ተሸክመዋልና፣ ዛሬ የሚለብሱትን አፈር እግዚአብሔር ያቅልልላቸው። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።