ያልለመደ ሰው ስድብ

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፤ ቡታጅራ

አባባ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? የጥቅምት ብርድ ጉልበትዎን አላስቸገረውም? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ አልሐምዱሊላህ ሰውነቴ ደህና ነው፤ የተቃጠለው ሌላው ነው።

ወንድሜ ሱፍያን ደውሎ መልእክትዎን ነገረኝ። «ኢንጂነሩን ይቅርታ ትጠይቅ፣ እንጀራዋን በእግሯ አትርገጥ» ብለዋል አሉ። ከእርስዎ የወጣ ቃል ስለሆነ ደጋግሜ አላመጥኩት። እርስዎ የሰሙት ግን አለቃዬ ኢንጂነር ፈቃደ ለሱፍያን የነገረውን ወሬ ነው። በስልክ እንዳልነግርዎ ሱፍያን ጣልቃ እየገባ አያስጨርሰኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

ሜክሲኮ ባለው የግንባታ ቁጥጥር ቢሯችን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ የአንድ ሕንፃ መሠረት አርማታ ሲሞላ «አይቻለሁ» ብዬ እንድፈርም አዘዘኝ። ሲሞላ እዚያ አልነበርኩም። ያላየሁትን አልፈርምም አልኩት፤ አልጮህኩም፣ ጠረጴዛም አልደበደብኩም። እሱ ግን ፊቱ በርበሬ መስሎ «ኢንሶለንት!» አለኝ። ያ ሰውዬ በአማርኛ ያዛል፣ በአማርኛ ይለምናል፤ ስድብ ላይ ሲደርስ ብቻ ፈረንጅ ይሆናል። ባልደረባዬ ቤኪ ደግሞ ጠጋ ብላ «አንቺ፣ አራዳ ሁኚ እንጂ! ፈርሚለትና ምሳ እንብላ» አለችኝ። ምሳ! ሰው ልጆቹን የሚያስተኛበት ቤት እኮ ነው።

«በማታውቁት ቃል ከተሰደባችሁ መጀመሪያ ትርጉሙን እዩ፣ ከዚያ ተቆጡ» እያሉ አይደል እንግሊዝኛ ያስተማሩን? የሰጡኝን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ቃሉ በዛሬ ትርጉሙ ባለጌ፣ ታላቁን የሚዳፈር ማለት ነው። ይህን እሱም ያውቃል። ሥሩ ግን ላቲን ነው፤ «ኢን» እንደ እኛው «አል» አፍራሽ ነው፣ የቀረው «መለመድ» ከሚል ግስ የመጣ ነው። ሲጀመር ያልለመደ፣ ያልተለመደ ማለት ነበር። ከልማድ የወጣ ሁሉ እያደር ትዕቢተኛ ተባለ።

እንግዲህ ይፍረዱ። እኔ ውሸት መፈረም አልለመድኩም፤ እሱ «አይሆንም» መባል አልለመደም። የቃሉን ሥር ሳያይ የሚሳደብ ሰው፣ የሕንፃ መሠረት ሳታዪ ፈርሚ ቢለኝ ምን ይገርማል?

ሰኞ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ካልጠየቅኩ እንደምባረር ተነግሮኛል። እገባለሁ። የምናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሠረቱ ይመርመር። ከዚያ ያባርረኝ። አባባ፣ ሻንጣዬን ይዤ ከመጣሁ በሩን ይክፈቱልኝ። ባይከፍቱልኝም አልፈርምም።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ስለ እኔ አታልቅስ። እህቴን ፈሪዳን ይሳሙልኝ፤ በትምህርቷ ትበርታ። ሱፍያንንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የኢንጂነሩን ወሬ መሸከም ከደከመው ያውርደው።

ያልለመደችው ልጅዎ
ነጅማ

ጠመንጃ ያዥ፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.