አባ ወርቁ ገና ድንበሩን አልተሻገሩም

አባዬ የኔ፣

ፋሲካ ሳይደርስ ነው ከዚህ ዓለም የሄድከው፤ ይኸው የዳስ በዓላችን፣ የሱኮት ዳሶችም ፈርሰዋል። እዚህ እስራኤል፣ ሰፈራችን ኪርያት ኖርዳው ያው ነው፣ አሳንሰራችንም እንደተበላሸ ነው። የተለወጠው እቤት ነው፦ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢነትህን ለእማዬ ሰጧት። «ባሏ ይችልበት ነበር» ብለው መረጧት፤ ሙያው በጋብቻ የሚተላለፍ መስሏቸው።

ዛሬ አመሻሽ ስብሰባ አለ። ርዕሰ መምህሯ ሞዓዶኒቷን፣ ትንሹ ወንድሜ ከትምህርት በኋላ የቤት ሥራ የሚሠራባትን ክፍል፣ ልትዘጋት ነው። «የትኞቹን ቀናት እንደምትፈልጉ፣ ማን ከልጆቹ ጋር እንደሚቆይ ተስማምታችሁ ንገሩኝ፤ አለበለዚያ ክፍሉን ለሌላ እሰጣለሁ» ብላለች።

ባለፈው ሳምንትም ለዚሁ ተሰብስበን ነበር። እማዬ በአክብሮት «አባቶች ይቅደሙ» አለች። አለቀልን! የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ወርቁ ተነሡና የስደቱን ታሪክ ከጎንደር ጀመሩት። ርዕሰ መምህሯ ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ገና የሱዳንን ድንበር አልተሻገሩም። ቀጥለው ሌላው ሽማግሌ «እኔ እንኳ አላስረዝምም» ሲሉ፣ በሩን ሊዘጋ ቆሞ የነበረው ዘበኛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የልጆቹ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ተራ ሳይደርሳቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ባንተ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዘዴህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስብሰባ ሊደርስ ሲል ይዘኸኝ አባ ወርቁ ቤት ትሄድና «አባ፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ ዳኛ ሰምቶ ነው የሚፈርድ» ትላቸው ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ እናቶቹ ተናግረው፣ ተጨቃጭቀው፣ ተስማምተው ይጨርሳሉ። በመጨረሻ ይመርቁና ሁሉም ወደ ቤቱ። ስንመለስ ደረጃው ላይ በዓይንህ ጠቀስ ታደርገኝ ነበር።

ስለዚህ ትናንት ብቻዬን ሄድኩ። እኔ፣ ያቺ ቀባጣሪ ልጅህ፣ በራቸው ላይ ቆሜ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቃልህን እንደ ፈተና ሸምድጄ አልኩላቸው። ሳቁብኝ!

«አባትሽ የሚያታልለኝ ይመስለው ነበር። እኔ ዝም የምለው መጥቶ ስለሚጠይቀኝ ነው። ባለፈው ማን መጥቶ ጠየቀኝ?»

እሺ አሉ። ግን ቃል አስገቡኝ፦ ስብሰባው ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው ልሰማ። ፊቴ ሳይጨማደድ አልቀረም መሰለኝ፣ «ድንበሩን ስንሻገር እኮ አባትሽ ጀርባዬ ላይ ነበር» አሉኝ።

ይህን ነግረኸኝ አታውቅም። ወይስ አንተም እዚያ ድረስ ሰምተሃቸው አታውቅም?

እማዬ ሳህን እያጠበች «ዛሬ አባቶች መጨረሻ ላይ ይናገራሉ» የምትለውን ትለማመዳለች። አንዱ ሳህን ሦስቴ ታጥቧል። አባ ወርቁ ቢረሱስ? እናቶቹ ዕድሉን አግኝተው ቢያፍሩስ? ወንድሜ ነገ የት ይቀመጣል? አላውቅም አባዬ፣ ፈርቻለሁ።

ሞዓዶኒቷ ብትተርፍም ብትዘጋም ግን ወንበሬን ወደ አባ ወርቁ አስጠጋለሁ። ጎንደርንም፣ መንገዱንም፣ እያንዳንዱን አህያ በስሙ ይንገሩኝ። አንተ ጀርባቸው ላይ ሆነህ እስክትሻገር ድረስ አልነሣም።

ያቺው ቀባጣሪ ልጅህ