ከማኅበሩ በሕይወት የወጣች

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሶፋው ወጣ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲያልፍ እግሩ ግድግዳውን ጫረው። ባለቤቴ አያሌው “ቀስ በሉ፣ ልስኑን” ብሎ ተቆጣ። ቤቱን ለወንድሙ ልጅ ካስተላለፍን ወር ሊሞላን ነው፤ ልስኑ የማን እንደሆነ ግን ገና አልገባውም። ሶፋው ከዓይን ሲርቅ ደግሞ እጁን አራግፎ “ተገላገልን” ይለኛል። ሰሞኑን ዕቃ በወጣ ቁጥር የሚላት ቃል ናት።

እሱ ከከብት ሐኪምነቱ፣ እኔ ከማስተማሩ ጡረታ ወጥተናል። ልጃችን ሰላም ካናዳ ናት። ወረቀታችንን ጨርሳ “በቃ ኑ፣ ብቻችሁን አታርጁብኝ” አለች። የዛሬ ሳምንት ከከተማችን ከአርብ ገበያ እንወጣለን።

ቡፌው ነገ ይወሰዳል። ጭንቄ ቡፌው አይደለም፤ በላዩ ያለው ነው። የማኅበራችን ጽዋ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አያሌው ቀና ብሎ አየና “ነግረሻቸዋል አይደል?” አለኝ። ነግሬያለሁ፣ መጥተው ይወስዱታል አልኩት።

አልነገርኩም። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ።

ጥቅምት 21 ማርያምን ልንዘክር ስንሰበሰብ ልናገር ብዬ ነበር የሄድኩት። ቃሉን መንገድ ለመንገድ ሳጠናው ነበር፣ ፈተና እንዳለበት ተማሪ። የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ ነው። የማኅበራችን ሙሴ፣ መሪያችን ማለት ነው፣ እማማ ጥሩወርቅ ጽዋውን አነሱና “ኅዳር ጽዮን ለአንቺ ደረሰሽ፣ ታድለሽ” አሉኝ። እጄ ራሱ ተዘረጋ። ተቀብዬ ስሜው ወደ ቤቴ ይዤው መጣሁ። ጽዋ የተቀበለች በወሩ ደግሳ ማኅበሩን ማብላት ማጠጣት አለባት። ኅዳር 21 እኔ ካናዳ ነኝ። አይ እኔ፣ በስተርጅና የማደርገውን ሁሉ አጣሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ። አንዱ ሻንጣ ሃያ ሦስት ኪሎ።

የሚሄድ፦ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሀበሻ ልብሴ፣ የአያሌው ጋቢ፣ የሰላም የአንደኛ ክፍል ደብተር።
የሚሰጥ፦ አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት ሁሉ፣ ራዲዮው።
ያልተወሰነ፦ የጠላ ጋኔ።
የማይሄድ፣ የማይሰጥ፣ የማይሸጥ፦ ጽዋው።

ቡፌው ሲሄድ ጽዋውን መሬት ማስቀመጥ ስለማይሆን ሻንጣ ላይ አኖርኩት። ምን ላድርግ፣ ከፍ ያለ ነገር የቀረን እሱ ብቻ ነው።

ሰላም ደወለች። ይህን ልያዝ ወይ ስላት “ማሚ ተይው፣ እዚህ ሁሉም አለ” ትለኛለች። ለእኔ አስባ ነው። ግን ሁሉም አለ ስትል ይከፋኛል።

አርብ፣ ኅዳር 5

የገበያ ቀን ነው። የተረፈውን ዕቃ በር ላይ ዘርግተን ዋልን። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኳት ሴት የልጅ ልጇን አዝላ መጥታ ድስቶቹን ወሰደች። “ቲቸር፣ በማስመሪያ የመቱኝን አልረሳሁም” እያለች ትስቅብኛለች። መምታቴን እኔ ረስቼዋለሁ፤ አፈርኩ። ጋኑን ሦስት ሰው ጠየቀኝ። አይሸጥም አልኩ። አያሌው ገርሞት አየኝ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ጥሩወርቅ ከገበያው መሐል ብቅ አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ጌሾ ቋጥረዋል። ለድግሴ ነው፤ ዘንድሮ ጥሩ ጌሾ ስለማይገኝ ለእኔ ብለው መርጠው ገዝተውልኛል። የተዘረጋውን ዕቃ አንድ በአንድ አዩት።  ሊሄዱ ሲሉ ጠጋ ብለው፦

“ሰው ብዙ ያወራል ልጄ። እኔ ከአንቺ አፍ ካልሰማሁ አላምንም።”

በር ከፈቱልኝ። እኔ ደግሞ “ለጽዮን ያድርሰን እማማ” ብዬ ዘጋሁት። እንደዚያ ያስተማርኩ ሴት፣ ሃምሳ ልጅ ፊት አፍሬ የማላውቅ፣ አንዲት ቃል አቃተችኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ያደረግኩትን ሰው ቢሰማ አብዳለች ይላል። ጋኑን አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ፣ ጌሾውን ወቅጬ ጠላ ጠነሰስኩ። አራት ቀን ለቀረው መንገደኛ።

አያሌውን ሽታው ጓዳ ድረስ ወሰደው። ለማን ነው አለኝ። ለማኅበር አልኩት። ባዶ ኬሻ ላይ ቁጭ አለና እስክናገር ጠበቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ መቆጣት ያውቅበታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የእናቴ ቦታ ነበር” አለኝ። 

እውነቱን ነው። እናቱ ሴት ልጅ ስላልነበራቸው የማኅበር ቦታቸውን የወረስኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዤ የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ። እናቱ እንጀራ መጋገር የማትችል ብለው ሁለት ዓመት አኮረፉኝ። ሞታቸው ሲቃረብ ግን ጠርተው “ጽዋዬን ለአንቺ” አሉኝ። ሁለተኛ ልጄ የሞተ ጊዜ እነዚያ ሴቶች ሳምንት ሙሉ ከቤቴ አልወጡም። አንዷ ታበስላለች፣ አንዷ ሰላምን ታዝላለች፣ እማማ ጥሩወርቅ ፀጉሬን ያበጥሩኛል። ያን ጊዜ ገና ጠንካራ ነበሩ። አንድም ቀን አይዞሽ አላሉኝም፤ ዝም ብለው ያበጥሩኝ ነበር። እስከ ዛሬ እጃቸው ራሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ናፈቀኝ፣ ገና ሳልሄድ።

ካናዳን አልፈራሁም። ብርዱንም አልፈራሁም። የፈራሁት እነሱ ፊት ቆሜ አልመለስም ማለትን ነው። ጽዋው ቤቴ እስካለ ድረስ የትም የምሄድ አይመስለኝም። ይኸው ነው እንግዲህ።

አያሌው ሲነሳ “ነገ ከቅዳሴ በኋላ ንገሪያቸው፤ ካልነገርሻቸው እኔም አልሄድም” አለ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ነገርኳቸው።

እማማ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ተናግሬ ስጨርስ ሰዉ ሁሉ ተሳልሞ እስኪወጣ ጠበቁ።

“ከዚህ ማኅበር ቦታ የሚለቀው የሞተ ነው” አሉኝ። “በሕይወት የወጣች አላውቅም። ትመለሻለሽ?”

እመለሳለሁ ማለት ቀላል ነበር። ቦታዬም ይጠበቅልኝ ነበር። አያሌው ለሰው ሁሉ ለፋሲካ እንመጣለን እያለ ነው የሚዞረው። ግን ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ታሟል፣ ቤቴን ሰጥቻለሁ። ጽዮን ባለተራዋን እየጠበቀች ልዋሽ?

“አልመለስም እማማ” አልኩ። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ጽዋውን በውሸት ስላሳደርሽ ንስሐ ግቢ ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ማኅበሩ በሙሉ ቤቴ መጣ። በሕይወት ያለች ሴት እንዴት እንደምትሸኝ የሚያውቅ ስለሌለ የሚያውቁትን አደረጉ፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና ዳቦ ይዘው፣ ባዶው ቤት ውስጥ ቁርበትና ሰሌን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት ነው የሆነው። አንዷ ልማድ ሆኖባት አያሌውን “እግዚአብሔር ያጽናህ” አለችው። እሱም “አሜን” አለ። የሞትኩት እኔ ውሃ እየቀዳሁ አዞራለሁ። ሳቄ አመለጠኝ፣ እነሱም ተከተሉኝ፣ ቀጥሎ ሁላችንም አለቀስን።

ቦታዬን በላይነሽ ወሰደችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት፤ ቦታ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ ነበር። ጽዋውን ተቀብላ ሳመችው። ጥንስሱንም ከነጋኑ ሰጠኋት። ኅዳር ጽዮንን እሷ ትደግሳለች፣ በእኔ ጌሾ።

ጸሎት ላይ አብረዋቸው የመጡት የማኅበሩ ቄስ የስም ደብተራቸውን ገለጡ። የአባላቱ ክርስትና ስም በአንድ ወገን፣ የሞቱት በሌላ ወገን ተጽፏል። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ወለተ ሚካኤልን የት ላድርጋት?” አሉ። “ከአባላት እንዳልጠራት ቦታ ለቃለች። ከሙታን እንዳልጠራት ይኸው ውሃ ትቀዳለች።”

 እማማ ጥሩወርቅ ናቸው የተናገሩት፦

“አባታችን፣ ስለ መንገደኞች እንጸልይ የለም? እዚያ ያድርጓት። እስከ ዛሬ በስም የምንጠራው መንገደኛ አልነበረንም።”

ቄሱ አዲስ ገጽ ገልጠው ጻፉኝ። ከገጹ ላይ ሌላ ስም የለም። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሻንጣዎቹ ተዘግተዋል። ሰላም ሦስት ጊዜ ደወለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ነፋስ መውጫ ከተማ እንነሳለን።

አያሌው ዛሬ ተገላገልን አላለም። ከጠዋት ጀምሮ የሻንጣ ዚፕ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ዕቃ ጠፋብህ ወይ ስለው የለም ይላል። ከምሳ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሮ እንደ ቀልድ፦

“ያ የመንገደኛ ገጽ… አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽበት?”

“እኔ ብቻ።”

“የእኔንም አስገቢልኝ” አለ።

ለሰው ሁሉ ለፋሲካ እንመጣለን ሲል የከረመው ሰውዬ ነው። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ተከተለኝ። ቄሱን በራቸው ላይ አገኘናቸው። የክርስትና ስሙን ኃይለ ገብርኤል ብለው ከስሜ ሥር ሲጽፉ አያሌው አንገቱን አስግጎ ፊደሉን አንድ በአንድ ተከታተለ።

ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ያዘኝ። በከተማው መሐል፣ ሰው እያየ፣ አርባ ዓመት ያላደረገውን።

“በየወሩ ይጠሩናል?” አለኝ።

“በየወሩ።”

“እስከ መቼ?”

እኔ አልጠየቅኩም፤ ቄሱም አልነገሩኝም።