ስለ ቮልሴ ወለል፣ ጎንበስ ብለው ላላዩት

ለተከበሩ አቶ ጌታቸው፣
የ«ፍጹም ዕይታ» የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፣ አዲሱ ዓመት እንዴት ተቀበለዎት? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? ከሁሉ በላይ ግን የወገብዎንና የጉልበትዎን፣ እንዲሁም የመርማሪዎችዎን ሁሉ ወገብና ጉልበት ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም በማዕከልዎ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ወደ መኪና ሥር ጎንበስ ሲል አይቼ ስለማላውቅ፣ ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ የያዛችሁ የወገብ ሕመም ይኖር ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከርሜአለሁ። ምሕረቱን ያውርድላችሁ።

እኔ ዳኜ ሀብቴ እባላለሁ። ትውልዴ እምድብር አካባቢ ሲሆን፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ ሰበታ ከተማ ውስጥ በዳቦ ጋጋሪነት እኖራለሁ። ተፈጥሮዬ ፈሪና ተጠራጣሪ ነው፤ ምድጃውን አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ከመንገድ ተመልሼ የማረጋግጥ ሰው ነኝ። ይህንንም ደብዳቤ ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ቀድጄዋለሁ። በቃላት አመራረጥም ሆነ በአክብሮት በኩል የጎደለ ነገር ካገኙበት የትምህርቴን ማነስ ተመልክተው ያሳልፉኝ፤ ጉድለትን አይቶ ማሳለፍ እንደሆነ ለማዕከልዎ እንግዳ ሥራ አይደለም።

እኔን ያሳደጉኝ የእናቴ ታላቅ እኅት እትዬ አትክልት ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ በአውቶቡስ ግፊያ መሣፈር ስለማይችሉ፣ መስቀል በመጣ ቁጥር አገር ቤት የሚገባው ሕዝብ በሰበታ በኩል ሲያልፍ በርጩማቸውን ደጅ አውጥተው፣ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም መኪና በእጃቸው እየሸኙ ይውላሉ። አምና መንገዱ ጭር ሲል ወደ እኔ ዞረው «ዳኜ፣ ዘንድሮም እኛ የሰው ሸኚ ሆነን ቀረን?» አሉኝ። ያን ቃል ሰምቶ የሚተኛ ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን አልተኛሁም። ለሚመጣው መስቀል በራሴ መኪና አገራቸው አገባቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ አቅሜም የፈቀደው አሮጌ ቮልስ ነበር።

ሱሉልታ ላይ ኦቦ ገርባ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ አንዲት ነጭ ቮልስ አገኘሁ። እንደ ሠርግ ቀን ጥርስ ታበራ ነበር። እኔ ከዳቦ በቀር ስለ ምንም የማላውቅ በመሆኔ ሽማግሌውን ጤንነቷን ብጠይቃቸው፣ ወደ ፊት መስታወቱ ጠቁመው «ልጄ፣ እኔ ከብት እንጂ መኪና አላውቅም፤ የሚያውቁት አይተው ይኸው ለጥፈዋል» አሉኝ። የጠቆሙት የእርስዎን ማዕከል ቦሎ ነበር፤ ሙጫው ገና አልደረቀም። ኦቦ ገርባ አልዋሹኝም፤ እሳቸውም ከእኔ በፊት ሲገዟት ያመኑት የማዕከልዎን ወረቀት ነው። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ እኔ የገዛሁት መኪና ሳይሆን የእርስዎን ቃል ነበርና፣ ስለ ገዛሁት ዕቃ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ። ስለ ባልደረባዬ ስለ ወንዲ ጫማ አመሰግናለሁ። ወንዲ መኪናዋን ላመጣ ስሄድ ለአጃቢነት አብሮኝ መጥቶ፣ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ተንፈላስሶ ተቀመጠ። የእንጦጦን ቁልቁለት እንደ ጀመርን «ዳኜ፣ አቁም! እግሬ መሬት ነው!» ብሎ ሲጮኽ የሚቀልድ መስሎኝ «ያንተ እግር ከመሬት መች ተነሥቶ ያውቃል?» አልኩት። ወዲያው ከሥራችን የብረት ፉጨት ሰማሁ፤ በጎን መስታወት ስመለከት እሳት ይረጫል። እንደሚያውቁት፣ ወይም የማወቅ ዕድል ቢገጥምዎ እንደሚረዱት፣ የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወለሉ ተቀዶ ባትሪው አስፋልት ላይ ወርዶ ይጎተት ነበር፤ የወንዲም ቀኝ እግር አብሮት። ጫማው እዚያው ቁልቁለት ላይ ቀረ፤ ተረከዙ ተልጦ ክረምቱን ሙሉ እያነከሰ ሊጥ አቦካ። እኔ ግን መንገድ ዳር ተቀምጬ በዐይኔ ይሄድ የነበረው የወንዲ ተረከዝ አልነበረም። ያ ወንበር ለእትዬ አትክልት የታሰበ ወንበር ነበር።

ሁለተኛ። ከቀለሙ ሥር ስላኖራችሁልኝ ልዩ ልዩ ንብረት አመሰግናለሁ። መኪናዋን አስጎትቼ ሰበታ ወዳለው የላሜራ ቀጥቃጭ ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ግቢ አስገባኋት። ኦቦ ዲሪርሳ ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አምጥተው በሯ ላይ አስጠጉት፤ ወደቀ። ከጎማዋ በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ አስጠጉት፤ ወደቀ። «ያ ዋቀዮ!» አሉና ተመለከቱኝ፤ «ዳኜ፣ የአንተኑ ሊጥ ነጭ ቀብተው ሸጡልህ እኮ!» እውነትም ሊጥ ነበር፤ ስቱኮ ይሉታል። በመሮ ሲነኩት እንደ ሻገተ ዳቦ ቅርፊት እየተገመሰ ወረደ፤ ከሥሩ ውሃ የጠጣ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ፣ ከጆንያው ሥር ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ የተለጠፈ መጣፊያ ወጣ። ከበሯ ግርጌ የአይጥ ጎጆ ከነሙት ልጆቹ፣ ቡናማ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እጄ ላይ ወደቀ። ሽታው ለብዙ ጊዜ ከጣቶቼ ስላልወጣ ሊጥ ሳቦካ ፊቴን አዙሬ ነበር። ቁስል ሳያጥቡ ፋሻ በፋሻ ላይ ቢደርቡ የሚወጣውን አስበው ይረዱኝ። ከዚያች መኪና ላይ ዝገት ያልነካው ነገር ቢኖር በየዓመቱ መስታወቷ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የእርስዎን ምስጋና የማይመለከት ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። ከዳቦ ቤት ስወጣ እየሄድኩ፣ ክረምቱን በላስቲክ ሥር፣ የዛገውን ሁሉ ቆርጠን ጣልን፤ ኦቦ ዲሪርሳ ወለሏን ከዳር እስከ ዳር በአዲስ ላሜራ በየዱ፤ እኔም እሳቸው የጨረሱትን ብየዳ ሁሉ በመዶሻ እየነካሁ «ይይዛል?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። ኦቦ ገርባም ነገሩን ሰምተው አፍረው ከሱሉልታ ድረስ መጡ፤ ከመኪናዋ ጋር የተረከቡትን የዚያችኑ ቮልስ የቀድሞ ፓራፋንጎ፣ ዶሮዎቻቸው የሚያድሩበትን፣ ከነኩሱ ተሸክመው። ብረቱ ሙሉ ጤነኛ ነበር። «ዶሮ እንኳ የሚያድርበትን መርጦ ነው» ብለው አስረከቡን። በመጨረሻም ገላዋን በሙሉ ጸረ ዝገት ቀይ ቀለም ቀባናት፤ ከዚያ በላይ ለመቀባት ጊዜው አልበቃንም፤ መስቀል ደርሶ ነበር።

ሦስተኛ። ስለ መርማሪዎ ስለ አቶ ያቤጽ የዐይን ጥራት አመሰግናለሁ። ለአዲሱ ዓመት ቦሎ ቡራዩ በደረስኩ ጊዜ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደ ያዙ አንድ ጊዜ ዞሯትና «ሊብሬው ነጭ ይላል፤ ይቺ ቀይ ናት። ወድቃለች» አሉኝ። የቀለሙ ሕግ ትክክል መሆኑን አልክድም፤ ሕግ ነውና እቀበላለሁ። እኔ የለመንኳቸው ምንጣፉን አንሥቼላቸው ወለሏን አንድ ጊዜ እንዲያዩልኝ ብቻ ነበር። እሳቸው ግን በአዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ወንድሜ፣ ወለል ማን ያያል? ስቱኮ ቢጤ ጣል ጣል አድርግባትና ነጭ ቀብተህ አምጣት፤ መኪና ትምሰል» አሉኝ። የበሰበሰችው ቮልስ በየዓመቱ ያለፈችበት በር፣ የዳነችው ቮልስ የወደቀችበት በር ያው አንድ በር ነው።

በዚያው ምሽት ያደረግሁትን አሁን በአደባባይ እናገራለሁ። ለዳቦ ቤታችን ግድግዳ ለበዓሉ ከተቀባው የተረፈ ነጭ የውሃ ቀለም ነበር። ወንዲ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን ሆነን፣ በግድግዳ ብሩሽ መኪናዋን እንደ ግድግዳ ቀባናት። በማግሥቱ ይዣት ስመጣ አቶ ያቤጽ ከሩቅ አይተው ፊታቸው በራ። ኮፈኗን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «አየህ? አሁን መኪና መሰለች!» አሉ። አውራ ጣታቸው ነጭ ሆኖ ተነሣ። ጣታቸውን ተመለከቱት፤ ጋውናቸው ላይ ጠረጉት፤ ቦሎውንም ለጠፉልኝ። የተጸየፍኩት ያን የአይጥ ጎጆ በእጄ ስይዝ አልነበረም፤ ያን ጣት ጋውን ላይ ሲጠረግ ሳይ ነው።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ምስጋና ግን የእርስዎ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

በመስቀል ዋዜማ እትዬ አትክልት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ከሰበታ ወጣን። ቱሉ ቦሎን አልፈን ዝናብ ያዘን። ነጩ ቀለም እንደ ወተት በመስኮቱ ላይ ይወርድ ጀመር፤ ወሊሶ መግቢያ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ቀይና ነጭ ሸንተረር ሆና ነበር። አንድ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። ቦሎውን አየ፤ መኪናዋን አየ፤ እኔን አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የግድግዳ ቀለም» አልኩት። እትዬ አትክልት ከኋላ በትከሻዬ በኩል ብቅ ብለው «ልጄ፣ ለበዓል ገላዋን እየታጠበች ነው» አሉት። ልጁ ሳቀ። ቢስቅም ግን እንዲያው አላሳለፈንም፤ ቆቡን አውልቆ፣ በዚያ ርጥብ አስፋልት ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በስልኩ መብራት ከሥሯ ተመለከተ፤ ወለሏንም በጡጫው አንኳኳ። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ረጥቦ ተነሣና «ቀለሟን ቶሎ አስተካክል። ወለሏ ግን ከቤቴ ወለል ይሻላል» ብሎ አሳለፈን። በዚያች መኪና ዕድሜ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሊመረምራት ጎንበስ ያለ ባለ ሥልጣን እሱ ብቻ ነው፤ ይህም ሥራው አልነበረም።

አገራችን ስንገባ እናቴ እኅቷን ደግፋ ልታወርድ ሮጣ መጣች። እትዬ አትክልት ግን ካልወረዱበት ወንበር ላይ ሆነው «ቆዪ፣ መጀመሪያ ወለሉን አንኳኪ» አሏት። እናቴ አንኳኳች። ጎረቤቱም ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ አንኳኳ። ከዚያ በኋላ ነው የወረዱት።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ መኪናዋ ሊብሬው እንደሚያዘው በእውነተኛ የመኪና ቀለም ነጭ ተቀብታለች። የሰጣችሁኝን ቦሎ ግን ከመስታወቷ ላይ በጥንቃቄ ልጬ፣ በዳቦ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የመረመራችሁት ግድግዳውን ስለሆነ ለግድግዳው ይገባል። እኔ እስከማውቀው በሰበታ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ የመጀመሪያው ግድግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ደንበኞቻችን እየመጡ እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል። መኪናዋ በኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ቆማለች፤ እትዬ አትክልትም ገናን እያሰቡ ነው። ስለዚህ ይዣት ስመጣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ጎንበስ ብሎ ይያት። ከዚያ በኋላ መውደቅ ካለባት ትውደቅ፤ ታይታ ትውደቅ።

ወረቀትዎ ከማይዝግበት፣ ጋውንዎም ከማይቆሽሽበት ክቡር ወንበርዎ ላይ ዘመንዎ ይርዘም እያልኩ፣ ከሊጥ በቀር የማያውቅ፣ ሊጥ ሲያይ ግን የሚያውቅ፣ ታዛዥዎ፣

ዳኜ ሀብቴ
ሰበታ

ግልባጭ፦
ለኦቦ ገርባ፣ ሱሉልታ፤
ለኦቦ ዲሪርሳ፣ ሰበታ፤
ስሙን ለመጠየቅ ላፈርኩት ትራፊክ ፖሊስ፣ ወሊሶ።

ማስታወሻ፦ ቡራዩ ተራዬን ስጠብቅ፣ በማዕከሉ በር ላይ የምትቆመዋን የእርስዎን ግራጫ መኪና አየሁ፤ የራሳችሁ አዲስ ቦሎ ተለጥፎባታል። የጭንቀቴ ነገር ሆኖብኝ የኦቦ ዲሪርሳን ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ ከኋላ በሯ ግርጌ አስጠጋሁት። ወደቀ። ከሰዓት በኋላ ልጆችዎ የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላ ወንበሯ ሲወርዱ ስላየሁ፣ ማግኔቱን በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬልዎታለሁ። ስለ እኔ ባይሆን ስለ እነሱ፣ ዛሬ ማታ ምንጣፉን ያንሡ።